ከመርከብ ዝርዝር እስከ መንደር መዝገብ፤ የኢጣሊያዊ ፍልሰተኛን ዘር ስለ መፈለግ

ከ1876 እስከ 1915 ባሉት አርባ ዓመታት ውስጥ ከኢጣሊያ ወጥቶ ወደ ሌሎች አገሮች የሄደው ሰው ቁጥር ወደ 14 ሚሊዮን ይጠጋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከእነዚህ ሰዎች የሚበዙት የሰው መሬት የሚያርሱ ገበሬዎች፣ የቀን ሠራተኞችና ግንበኞች ነበሩ። ብዙዎቹ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ በመሆናቸው ስለ ራሳቸው የጻፉት ታሪክ የለም። ለልጆቻቸው ያወረሱት ቢበዛ አንድ ፎቶግራፍ፣ አንድ የቤተ ሰብ ስምና በዓመት በዓል ገበታ ላይ የሚነገር አጭር ትረካ ነው።

የልጅ ልጆቻቸው ያንን ትረካ ይዘው ወደ ቤተ መዛግብት ይሄዳሉ። እዚያ የሚያገኙት ግን የአያታቸውን ቃል ሳይሆን ስለ አያታቸው ሌሎች ሰዎች የጻፉትን ነው። ቄሱ ለምሥጢረ ጥምቀት ጻፈ፤ ከንቲባው ለመንግሥት፣ መልማዩ ለጦር ሠራዊት፣ የመርከብ ኩባንያው ጸሐፊ ቅጣትን ለመሸሽ፣ ዳኛው የዜግነት ጥያቄን ለመወሰን ጻፉ። ከእነዚህ አንዱም ቢሆን ከመቶ ዓመት በኋላ ለሚመጣ የልጅ ልጅ ብሎ አልጻፈም። ስለሆነም ዘር ፈላጊው «መዝገቡ ምን ይላል?» ከማለቱ በፊት «መዝገቡ ለምን ተጻፈ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። የሰነዱ እውነትና ጉድለት የሚታወቀው በዚህ ጥያቄ ነው።

የፍልሰቱ ምክንያት

ኢጣሊያ በ1861 አንድ መንግሥት ስትሆን የደቡቡ ገበሬ ያተረፈው አዲስ ግብርና አስገዳጅ ውትድርና ነበር። ከ1869 እስከ 1884 በሥራ ላይ የቆየው የወፍጮ ግብር ድኻው የሚበላውን እህል በሚያስፈጭበት ስፍራ ያስከፍለው ነበር። በ1880ዎቹ ከአሜሪካና ከሩሲያ በመርከብ የገባው ርካሽ ስንዴ የአገሩን የእህል ዋጋ ጣለው። የወይንን ሥር የሚበላው ፊሎክሴራ የተባለ ተባይም ብዙ የወይን እርሻ አጠፋ። በሌላ በኩል ብራዚል በ1888 ባርነትን ስትሽር የቡና እርሻ ባለቤቶች ሠራተኛ ስለ ቸገራቸው፣ የመርከብ ዋጋቸው እየተከፈለላቸው ብዙ ሺህ የሰሜን ኢጣሊያ ቤተ ሰቦች ወደ ሳኦ ፓውሎ ተጓዙ። የደቡቡና የሲሲሊያው ሕዝብ ግን በአመዛኙ ወደ ዩናይትድ ስቴትስ አቀና። ከ1880 እስከ 1920 ድረስ ወደዚያች አገር የገቡት ኢጣሊያውያን ከ4 ሚሊዮን ይበልጣሉ። በ1913 ብቻ ከኢጣሊያ ወደ ልዩ ልዩ አገሮች የወጣው ሰው ከ870,000 በላይ ነበር።

ከሄዱት ውስጥ ወደ ግማሽ የሚጠጉት ተመልሰዋል። ብዙ ወንዶች ሁለትና ሦስት ጊዜ ባሕር ተሻግረው፣ ጥቂት ገንዘብ አጠራቅመው፣ ተመልሰው ሚስት አግብተው ወይም ቁራጭ መሬት ገዝተው እንደገና ሄደዋል። በዚህም ምክንያት የአንድ ሰው ስም በተለያዩ ዓመታት በበርካታ የመርከብ ዝርዝሮች ላይ ሊገኝ ይችላል። ቤተ ሰቡ «አያታችን የመጡበት ዓመት» እያለ የሚያስታውሰውም ምናልባት የመጨረሻው ጉዞ እንጂ የመጀመሪያው ላይሆን ይችላል።

የመርከቡ ዝርዝር

የዩናይትድ ስቴትስ መንግሥት ከ1820 ጀምሮ የመርከብ አዛዦች የመንገደኞቻቸውን ዝርዝር ለጉምሩክ እንዲያስረክቡ አድርጎ ነበር። የጥንቶቹ ዝርዝሮች ስምን፣ ዕድሜን፣ ጾታን፣ ሥራንና አገርን ከመመዝገብ ብዙም አያልፉም። በኋላ ግን መንግሥት ማንን ማስገባት ማንን መመለስ እንዳለበት መምረጥ ሲጀምር የጥያቄው ብዛት ጨመረ። የ1891ዱ ሕግ ተቀባይነት ያጣን መንገደኛ ያመጣው ኩባንያ በራሱ ወጪ እንዲመልስ አስገደደ። የ1893ቱ ሕግ ደግሞ መንገደኞች ከ30 በማይበልጡ ቡድኖች ተከፍለው እንዲመዘገቡና ዝርዝሩ በመነሻው ወደብ በአሜሪካ ቆንሲል ፊት በመሐላ እንዲረጋገጥ አዘዘ። መንገደኛው ማንበብ ይችል እንደሆነ፣ የመርከቡን ዋጋ ማን እንደ ከፈለለት፣ ምን ያህል ገንዘብ እንደ ያዘ፣ ወደ የትኛው ዘመድ እንደሚሄድና ያ ዘመድ የት እንደሚኖር ይጠየቅ ነበር።

ከ1906 እና ከ1907 በኋላ የተጨመሩት ሁለት ዓምዶች ለዘር ፈላጊው ከሁሉ የበለጠ ዋጋ አላቸው። አንደኛው የትውልድ ስፍራን ይጠይቃል፤ ሁለተኛው መንገደኛው በአገሩ ትቶት የመጣውን የቅርብ ዘመድ ስምና መኖሪያ ይጠይቃል። ኢጣሊያ ወደ 8,000 የሚጠጉ ማዘጋጃ ቤቶች ያሏት አገር ስትሆን መዛግብቷም የተያዙት በየማዘጋጃ ቤቱ ነው። የመንደሩን ስም ያላወቀ ሰው ፍለጋውን የሚጀምርበት ስፍራ የለውም። የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ብዙውን ጊዜ «ኢጣሊያ» ከማለት አያልፍም። የቤተ ሰብ ትረካም «አያታችን ከናፖሊ መጡ» ይል ይሆናል፤ ሰውዬው ግን ናፖሊን ያየው መርከብ ሲሳፈር ብቻ ሊሆን ይችላል። እናቱ በየትኛው መንደር እንደ ቀረች የሚናገረው ያ ጠባብ ዓምድ ነው።

ስሙን ማን ለወጠው?

በኢጣሊያውያን ዘሮች ዘንድ በሰፊው የሚነገር አንድ ትረካ አለ። ይኸውም «ስማችንን የኤሊስ ደሴት ሹም ለወጠው» የሚለው ነው። በኒው ዮርክ ወደብ የሚገኘው የኤሊስ ደሴት መቀበያ ጣቢያ ጥር 1 ቀን 1892 ተከፍቶ እስከ 1954 አገልግሏል። በ1907 ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው በዚያ ሲያልፍ፣ በዚያው ዓመት ሚያዝያ 17 ቀን 11,747 ሰዎች በአንድ ቀን ተመርምረዋል። እንዲህ ባለው ጥድፊያ ስም ቢበላሽ የሚገርም አይመስልም። ሆኖም የጣቢያው ሹሞች ስም የመመዝገብ ሥራ አልነበራቸውም። በእጃቸው የነበረው በናፖሊ፣ በፓሌርሞ ወይም በጄኖቫ ወደብ አስቀድሞ የተጻፈው ዝርዝር ነው፤ ተግባራቸውም መንገደኛውን ከዝርዝሩ ጋር እያመሳከሩ መጠየቅ ነበር። ለዚህም አስተርጓሚዎች ነበሯቸው፤ በኋላ የኒው ዮርክ ከንቲባ የሆነው ፊዮሬሎ ላ ጓርዲያ ከ1907 እስከ 1910 በዚያው ጣቢያ በአስተርጓሚነት ሠርቷል።

ስሙ የተለወጠው እንግዲህ ከወደቡ ወዲህ ነው። አሠሪው ለመጥራት ሲቸግረው አሳጠረው፤ አስተማሪው በጆሮው እንደ ሰማው ጻፈው፤ ጁዜፔ ጆሴፍ ሆነ። ብዙ ጊዜም ባለቤቱ ራሱ ለወጠው። በ1927 በማሳቹሴትስ በሞት የተቀጣውና ጉዳዩ በዓለም ዙሪያ ያነጋገረው ኒኮላ ሳኮ በ1891 በቶሬማጆሬ ሲወለድ የተሰጠው ስም ፈርዲናንዶ ነበር። ኒኮላ የተባለው በኋላ የሞተውን ወንድሙን ስም በመውሰዱ ነው። በልደት መዝገብ ውስጥ ኒኮላን የሚፈልግ ሰው የሚፈልገውን ሰው አያገኝም። ሳኮ በ1908 የገባው በቦስተን ወደብ ስለሆነ በኤሊስ ደሴት ዝርዝርም አይገኝም። በዚያው ዓመት የመጣውና አብሮት የተቀጣው ባርቶሎሜኦ ቫንዜቲ ግን በኒው ዮርክ ነው የገባው።

ሴቶችን ሲፈልጉ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በኢጣሊያ ሰነዶች ያገባች ሴት የምትጠራው በአባቷ ቤተ ሰብ ስም ነው። ይህ ልማድ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ባይሆንም ባለትዳር ሴት በባልዋ ስም በምትጠራበት አገር ላደገ የልጅ ልጅ ግን ትልቅ መሰናክል ነው። ቅድመ አያቱን በባልዋ ስም ሲፈልግ ያጣታል። በመርከቡ ዝርዝር ግን ልጆችዋ የአባታቸውን ስም ይዘው ከበታችዋ ተሰልፈው፣ እርስዋ በራስዋ ስም ከበላያቸው ተጽፋ ትገኛለች።

የዜግነቱ ቀን

ከመርከብ ዝርዝሩ ቀጥሎ የሚመረመረው የዜግነት ፋይል ነው። እስከ 1906 ድረስ በአሜሪካ ልዩ ልዩ ፍርድ ቤቶች በየራሳቸው ፎርም ዜግነት ይሰጡ ስለ ነበር የዚያን ዘመን ወረቀቶች መረጃቸው ጥቂት ነው። በ1906 የወጣው ሕግ ግን አንድ ዓይነት ፎርም ደነገገ፤ ቅጂውም ወደ ዋሽንግተን እንዲላክ አደረገ። ከዚያ ወዲህ የአመልካቹ የትውልድ ቀንና ስፍራ፣ የመጣበት መርከብ፣ የሚስቱና የልጆቹ ስም በአንድነት ይገኛሉ። እስከ 1922 ድረስ ሚስት የባልዋን ዜግነት ተከትላ የምታገኝ በመሆኑ በስምዋ የተከፈተ ፋይል አብዛኛውን ጊዜ የለም። ሕጉ እንደ ባልዋ ጥገኛ ቆጥሯት ስለ ነበር መዝገቡም በዚያው መጠን ዝም ይላል።

በዚህ ፋይል ላይ የተጻፈው ቀን ለታሪክ ብቻ የሚጠቅም አልሆነም። በ1912 በወጣው የኢጣሊያ ሕግ መሠረት አባት የሌላ አገር ዜግነት ከመቀበሉ በፊት የተወለደ ልጅ ኢጣሊያዊነትን ይወርስ ነበር፤ አባትየው ዜግነቱን ከለወጠ በኋላ የተወለደው ግን አይወርስም። ስለዚህ የአንድ ቤተ ሰብ መብት የአያቱ መሐላና የልጁ ልደት ከሁለቱ የትኛው እንደ ቀደመ በሚያሳዩ ሁለት ወረቀቶች ላይ ተንጠልጥሎ ቆይቷል። በርካታ የአርጀንቲና፣ የብራዚልና የዩናይትድ ስቴትስ ተወላጆች ወደ መዛግብት የጎረፉት በዚህ ምክንያት ነው። በ2025 የወጣው ሕግ ውጭ አገር ተወልደው ሌላ ዜግነት ላላቸው ሰዎች ይህን ውርስ በመሠረቱ ከወላጅና ከአያት እንዳያልፍ ገደበው። የቅድመ አያት ወረቀት ግን የሕግ ጥቅሙ ቢቀንስም የታሪክ ምስክርነቱ እንዳለ ነው።

የመንደሩ መዝገብ

የመንደሩ ስም ከታወቀ በኋላ ፍለጋው ባሕሩን ተሻግሮ ወደ ኢጣሊያ ይዞራል። በዚያ ሁለት ዓይነት መዛግብት አሉ። የመጀመሪያው የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ሲሆን፣ በ1563 የትሬንቶ ጉባኤ የጋብቻና የጥምቀት መዝገብ እንዲያዝ ባዘዘው መሠረት በብዙ አጥቢያዎች ከዚያ ዘመን ወዲህ ይገኛል። ሁለተኛው በኢትዮጵያ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ «የክብር መዝገብ» ተብሎ የተጠራው ዓይነት፣ ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን የሚይዘው የመንግሥት መዝገብ ነው። ይህ መዝገብ በናፖሊ መንግሥት በፈረንሳይ አገዛዝ ዘመን በ1809፣ በሲሲሊያ በ1820 ሲጀመር፣ በተባበረችው ኢጣሊያ ደግሞ ከ1866 ወዲህ በሥራ ላይ ውሏል።

የልደቱ ቃል እንደ ትንሽ የችሎት ቃለ ጉባኤ ይነበባል። አባትየው በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት በከንቲባው ፊት ቀርቦ ሕፃኑን እንዳሳየ፣ ዕድሜውና ሥራው ምን እንደሆነ፣ የእናቲቱ ስም ማን እንደሆነ፣ ሁለት ምስክሮች እነማን እንደሆኑ ይገልጻል። በመጨረሻም ብዙ ጊዜ አባትየውም ምስክሮቹም መፈረም እንደማይችሉ ተጽፎ ይገኛል። ስለ ድኻው ቤተ ሰብ የትምህርት ታሪክ ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

በእነዚህ መዛግብት ውስጥ ሁለት ትንንሽ ቃላት ታላቅ ጥቅም አላቸው። የአንድ ሰው ስም ከአባቱ ስም ጋር ሲጻፍ «ዲ አንቶኒዮ» ከተባለ አባትየው በዚያ ቀን በሕይወት አለ ማለት ነው፤ «ፉ አንቶኒዮ» ከተባለ ግን ሞቷል። አንዱ በ1871፣ ሌላው በ1874 ቢጻፍ የአባትየው ሞት በእነዚህ ዓመታት መካከል መፈለግ አለበት። የጋብቻ አባሪዎችም እንዲሁ ብርቱ ረዳት ናቸው። በደቡቡ አገር ሙሽሮቹ የልደታቸውን ቅጂ፣ ወላጆቻቸው ሞተው እንደሆነ የሞታቸውን ቅጂ፣ አንዳንድ ጊዜም የአያትን የሞት ቅጂ ማቅረብ ነበረባቸው። በመሆኑም አንድ የጋብቻ ፋይል ሦስት ትውልድ ሊይዝ ይችላል።

በአያት ስም መሰየም ልማድ በመሆኑ በአንድ መንደር ውስጥ አንድ ዓይነት ስምና የቤተ ሰብ ስም ያላቸው በርካታ የአጎት ልጆች ይገኛሉ። እነርሱን ለመለየት የሚቻለው በአባትና በእናት ስም ነው። የውትድርና ምልመላ መዝገብም እዚህ ላይ ይረዳል። መልማዮቹ የመንደሩን ወንዶች ልጆች በትውልድ ዓመታቸው እየዘረዘሩ የወላጆቻቸውን ስም፣ ቁመታቸውን፣ የፀጉራቸውን ቀለምና ሥራቸውን ይጽፉ ነበር። ሲጠራ ያልቀረበው ወጣት ከጥሪ እንደ ሸሸ ይቆጠራል፤ አሜሪካ መሄዱም በስሙ ትይዩ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። ወጣቱን ለመክሰስ የተጻፈው ማስታወሻ ለልጅ ልጁ የጉዞው ማስረጃ ሆኖለታል።

አንዳንድ ጊዜም መንገዱ ከአንድ በር ላይ ይቆማል። በናፖሊ የአኑንዚያታ የሕፃናት ማሳደጊያ እናቶች ሳይታዩ ሕፃን የሚያስቀምጡበት ተሽከርካሪ ሣጥን እስከ 1875 ድረስ በግድግዳው ላይ ነበር። እንዲህ ተጥለው ለተገኙት ይሰጥ የነበረው ኤስፖዚቶ የተባለው ስም ዛሬ በብዙ ሺህ ሰዎች ይጠራል። መዝገቡ ሕፃኑ የተገኘበትን ሰዓትና የተጠቀለለበትን ጨርቅ ይዘረዝር ይሆናል፤ ወላጆቹን ግን አያውቅም። በሕዝብ ሰነዶች ላይ የአባትን ስም የመጻፍ ልማድ በ1955 በሕግ የቀረውም አባታቸው ያልታወቀ ሰዎች ወረቀት ባወጡ ቁጥር እንዳያፍሩ ነው።

የጠፋና ያልተጻፈ

መዝገብ ይቃጠላል፣ ይፈርሳል። በሰኔ 1897 የኤሊስ ደሴት የእንጨት ሕንፃ ሌሊት ሲቃጠል ሰው ባይሞትም በዚያ የተቀመጡት የፍልሰት መዛግብት ጠፉ። ሆኖም ጉምሩክ የተቀበላቸው የመንገደኞች ዝርዝሮች በሌላ ስፍራ ስለ ነበሩ ታሪኩ ፈጽሞ አልጠፋም። ታኅሣሥ 28 ቀን 1908 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ መሲናን ከነመዛግብቷ አፈራረሰ። መስከረም 30 ቀን 1943 የጀርመን ወታደሮች በሳን ፓኦሎ ቤልሲቶ በጥንቃቄ ተደብቀው የነበሩትን የናፖሊ ቤተ መዛግብት እጅግ የከበሩ ሰነዶች አቃጠሉ። ዳይሬክተሩ ሪካርዶ ፊላንጄሪ ከጥፋቱ በኋላ የአንጁ ነገሥታትን መዛግብት ሊቃውንት ቀደም ሲል ካነሷቸው ግልባጮች መልሶ የመሰብሰብ ሥራ አስጀመረ። የመንደሩ ገበሬ የልደት ቃል ግን ሲጀመር በሁለት ቅጂ የሚጻፍ ነበር፤ አንዱ በማዘጋጃ ቤቱ ይቀራል፤ ሌላው ወደ ፍርድ ቤት፣ ከዚያም ወደ ክፍለ ሀገሩ ቤተ መዛግብት ይሄዳል። ዛሬ ብዙዎቹ መዛግብት ፎቶግራፍ ተነሥተው ከ2011 ወዲህ የኢጣሊያ መንግሥት ባዘጋጀው የኮምፒዩተር ክምችት ለሕዝብ ክፍት መሆን የቻሉት ይህ ሁለተኛ ቅጂ በመኖሩ ነው።

ከጠፋው መዝገብ ይልቅ የሚከብደው ግን እንዳይጻፍ የተከለከለው ነው። የዚህ ምሳሌ የሚገኘው በአሜሪካ ሳይሆን በምሥራቅ አፍሪካ ነው። ኢጣሊያ በ1890 በኤርትራ ቅኝ ግዛቷን ካወጀች በኋላ፣ በተለይም ኢትዮጵያን በያዘችባቸው ከ1936 እስከ 1941 ባሉት ዓመታት፣ ወታደሮችዋና የመንገድ ሠራተኞችዋ ከአገሩ ሴቶች ልጆች ወለዱ። እነዚህ ወንዶች የመጡት በቅኝ ግዛትና በወረራ እንጂ እንደ አሜሪካው ገበሬ እንጀራ ፍለጋ በሰው አገር ሕግ ሥር ለማደር አልነበረም። በ1933 ለኤርትራና ለሶማሊያ የወጣው ሕግ አባታቸው ያልታወቀ ክልስ ልጆች ሳይቀሩ የኢጣሊያ ዜግነት ሊያገኙ የሚችሉበትን መንገድ ክፍት ትቶ ነበር። ሚያዝያ 19 ቀን 1937 የወጣው ድንጋጌ ግን ከቅኝ ግዛት ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረን ኢጣሊያዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ እሥራት የሚያስቀጣ ሆነ። ግንቦት 13 ቀን 1940 የወጣው ሕግ ደግሞ ኢጣሊያዊው አባት ልጁን እንዳይቀበል፣ ልጁም በአባቱ የቤተ ሰብ ስም እንዳይጠራ ከለከለ፤ የማሳደጉንም ወጪ በአገሬው ወላጅ ላይ ጣለ። ይህ ሕግ የተሻረው በ1947 ነው።

ስለዚህ በአሜሪካ ያለው የልጅ ልጅ አያቱን ከመርከብ ዝርዝር እስከ መንደሩ የጥምቀት መዝገብ ድረስ ሲከተል፣ በአሥመራ ወይም በአዲስ አበባ የተወለደው ልጅ ግን የአባቱን ስም ለመመስከር የቀረው ብዙ ጊዜ የእናቱ ቃል፣ የሚሲዮን ትምህርት ቤት መዝገብ ወይም ከኋላው አንድ ስም የተጻፈበት ፎቶግራፍ ነው። የሁለቱም አያቶች ምናልባት ከአንድ መንደር የወጡና በአንድ የምልመላ መዝገብ ላይ የተጻፉ ሊሆኑ ይችላሉ። ልዩነቱ የመጣው መንግሥት አንደኛውን ልጅ ለመቁጠር፣ ሁለተኛውን ደግሞ ላለመቁጠር በመፈለጉ ነው።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ብሂል እውነትነቱ አይካድም። ይሁን እንጂ ምን እንደሚጻፍ የሚወስነው ባለ ሥልጣን ስለሆነ ያልተጻፈው ሁሉ ያልሆነ ነው ማለት አይደለም። ቃል በመዝገብ፣ መዝገብም በተጻፈበት ምክንያት መመርመር አለበት። ስሙን የኤሊስ ደሴት ሹም ለወጠው የሚለውን ትረካ የመርከብ ዝርዝሩ ያርመዋል። በ1940 የተወለደ ሕፃን መዝገብ ላይ የአባት ስም ስፍራ ባዶ ቢሆን ደግሞ ባዶነቱን የሚያስረዳው በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ ነው፤ በዚህ ጊዜ የእናቲቱ ቃል ተጽፎ ከመዝገቡ ጋር መቀመጥ ይገባዋል። ያንን ቃል የሚያስታውሱ ሰዎች ዕድሜ እያለቀ ስለሆነ የመዛግብት ባለሙያው ሥራ የተጻፈውን በመጠበቅ አያበቃም። ያልተጻፈውን የሚናገሩትንም በጊዜያቸው ማድመጥና ቃላቸውን ከነቀኑና ከነምስክሩ መመዝገብ ይኖርበታል።